ኪስ የገቡ እጆች

ሠዓሊው የሰው ፊት ሲሥል የሚስተካከለው የለም፤ እጅ ላይ ሲደርስ ግን ላብ ያጠምቀዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ጉዱን ሸፍኖ ኖሯል። ዳኛውን እጃቸውን ኪሳቸው አስከትቶ፣ ሙሽራዋን በአበባ ጋርዶ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ሳይቀር እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ነክሮ ሥሏል።

ደግነቱ ሐያሲ የሚባል ሰው አለ። አንዱ በጋዜጣ ላይ፣ የተሰወሩት እጆች የዘመናችንን ሰው አቅመ ቢስነት ያሳያሉ ብሎ ጻፈለት። ሠዓሊው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጽሑፉን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ውሎ አድሮ እሱም አመነው። ሰው ሲጠይቀው አገጩን እያሻሸ ስለ አቅመ ቢስነት ይተነትናል።

ጣጣውን ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፍታ ያሳደገችውም፣ ያስተማረችውም እሷ ናት። ዓይኗ ደክሞ ሱቋን ልትዘጋ ስትል፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር እንዲሥላት ጠየቀችው። በዕድሜዋ የለመነችው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ እንዴት እምቢ ይበላት? ልብስ ሰፊን ያለ እጅ መሣልም አያምርም። ሳምንቱን ሙሉ የራሱን ግራ እጅ እያየ ቢለማመድ የወጣለት ካሮት ብቻ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን እህቱ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ጨርቅ ዘርግታ፣ እጆቿን ከሥሩ ደብቃ ጠበቀችው።

«ምነው እትዬ፣ በረደሽ እንዴ?»

«አይ፣ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለችው። «እጅ እንደማይሆንልህ ከድሮም አውቃለሁ። ፊቴን ብቻ አሳምርልኝ።»

ሠዓሊው መግቢያ ጠፋው። ያ ሁሉ ትንታኔ ለካ እሷን ለአንድ ቀን እንኳ አላታለላትም። ጨርቁን ከጭኗ አነሣውና እጆቿን አፍጥጦ ማየት ጀመረ፤ እስከዚያች ቀን ልብ ብሎ አይቷቸው አያውቅም። እየፋቀ፣ እየደገመ፣ በስንት መከራ ጨረሰ።

ሥዕሉ የቀረበበት ኤግዚቢሽን ሲከፈት ሐያሲው፣ ሠዓሊው ጥልቀቱን አጥቶ እንደማንኛውም ሰው እጅ መሣል ጀመረ ሲል አዘነ። እህቱ ግን መነጽሯን አድርጋ ሥዕሉን ተጠግታ አየችው።

«አውራ ጣቴን አጣመምከው» አለች ቅር ብሏት።

ከዚያ የራሷን እጅ አንሥታ ከሥዕሉ ጋር አስተያየች። እውነትም ጠሟል። መቀስ ስትይዝ ስትኖር አንድም ቀን አላስተዋለችውም።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔን ስታስተምሪ» አላት።