ለየኔታ የመረጥኩት አምፕሊፋየር

አባቴ ደብረ ታቦር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አቋቋም ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ስለሚሏቸው እኔም ልጃቸው ሆኜ ሳለሁ የኔታ እያልኩ አደግሁ። ጆሯቸው የደከመው ቀስ በቀስ ነው፤ መጀመሪያ የወፍ ድምፅ፣ ከዚያ የልጆች ወሬ፣ ከዚያ የኔ ንግግር ጠፋባቸው። በቡሄ ሰሞን ልጆች ደጃችን ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ እሳቸው ዘወር እንኳ ሳይሉ ዳዊታቸውን ሲደግሙ አየሁ።

እንዲያም ሆኖ ማኅሌት አላስታጎሉም። የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። በኛ ዘንድ መምህር ቢስት ተማሪ አያርመውም። የኔታ ዜማውን አንዴ አስረዝመው፣ አንዴ አሳጥረው ሲመሩ፣ ከበሮ መቺው ጭምር እሳቸውን ተከትሎ ይስት ነበር። ሁሉም አብሮ ስለሚስት ከውጭ ለሚያየው ምንም የጎደለ አይመስልም። አንድ በዓል ላይ ግን የኔታ ድንገት ቀና ቢሉ፣ ያስተማሯቸው ሰዎች ሁሉ የሳቸውን አፍ እያዩ እግራቸውን ሲያስተካክሉ አዩ። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ሊመሩ አልቆሙም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሸፋፍኑልኝ የኖሩት?" አሉኝ ቤት ስንገባ። "ምናልባት አንድም ቀን በወጉ አልመራሁ ይሆናል።"

የማነጋግራቸው በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። ጆሮዎ ደህና ሳለ እንደ እርስዎ የሚመራ አልነበረም ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡትና አንተማ ልጄ ነህ፣ ምን ትል ብለው በጋቢያቸው ጫፍ አበሱት። የሳቸው ተማሪዎችም መጥተው ማሉላቸው። እነሱማ የሸፋፈኑት ራሳቸው ናቸው፤ ማን ያምናቸዋል?

አንድ የማይዋሽ ምስክር ብቻ ቀርቶን ነበር። ጆሯቸው ጤነኛ በነበረበት ዘመን፣ በደብረ ታቦር በዓል ሲመሩ አንድ ተማሪያቸው የቀዳው ካሴት ነው። ከበሮውን የሚመቱት አብረዋቸው የተማሩ ጓደኛቸው ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም። የኔታ ያንን አንዴ በገዛ ጆሯቸው ቢሰሙ ልባቸው ያርፍ ነበር። እኔም አሰማቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ቤታችን የነበረው አሮጌ አምፕሊፋየር ሠርግ ቤት ያገለገለ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ሲበራ ብቅል ቢሰጣበት ያደርቃል። ድምፅ ማጉያዎቹን ካቃጠለ በኋላ ደግሞ እንደ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ፣ በባትሪ አይሠራም። ክላስ ዲ የሚሉት ዓይነት የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነበር። እሱ ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል እንጂ እያፈነ ወደ ሙቀት አይለውጠውም፤ ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ብዙ ይጮኻል፣ ባትሪም ይበቃዋል።

ጆሯቸውን የመረመረው የባሕር ዳር ሐኪም ቀጭኑ ድምፅ ጨርሶ እንደሄደባቸው፣ ከወፍራሙም ጥቂት ብቻ እንደቀረላቸው፣ የሄደውን ደግሞ ጩኸት እንደማይመልሰው ነግሮኝ ነበር። ይህ ሰው ደህና አምፕሊፋየር ሰምቶ አያውቅም ብዬ ናቅሁት። ባለቤቴም ላም አለኝ በሰማይ እያለች ተረተችብኝ፤ እሷንም አልሰማሁም።

ባሕር ዳር ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋት እውነት ቢሆን ኖሮ አንዱ ብቻ የከተማውን መብራት ይውጠው ነበር። ሻጮቹ ዘፈን ሲከፍቱልኝ እኔ ከካሴቱ ወደ ፍላሽ የገለበጥኩትን ማኅሌት አስከፈትኳቸው። መዳፍ የምታክል አንዲት ነበረች፤ ቀስ ብላ ደህና ትናገራለች፣ ከፍ ሲያደርጓት ግን ትታነቃለች። ሌላው ደረት የሚደልቅ ነው፤ ከበሮው ሲመጣ ቤቱ ይርገፈገፋል፣ ዜማው ግን ከሥሩ ይቀበራል። ሦስተኛው ጌጥ የሌለው፣ ድምፅ ማጉያው አብሮት ያለ ጥቁር ሣጥን ነበር። እሱ ሲከፈት፣ የኔታ ሊጀምሩ ሲሉ የሚስቧት ትንፋሽ እንኳ ጥርት ብላ ተሰማች። ሱቅ ውስጥ የነበሩ አንዲት ሴትዮ አማተቡ።

ሻጩ ሁለተኛውን እንድወስድ ለመነኝ፤ ለከበሮ እሱን የሚያህል የለም አለኝ። ከበሮ ፍለጋ አልመጣሁም ብዬው ጥቁሩን አስጠቀለልኩ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ ቆሞ ሽንኩርት ሲጭን ሁሉ ከጭኔ አላወረድኩትም።

የኔታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ በዓል ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተቀመጡ። መብራት አልነበረም፤ በባትሪ ከፈትኩት። ያቺ ትንፋሽ ተሳበች፣ ድምፃቸው ወጣ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። እኔ መምህር ሆኜ ሳለሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለ አመራር ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እሳቸው ፊቴን አዩና "አልተጀመረም እንዴ?" አሉ።

ተጀምሯል ብዬ ጻፍኩ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ባለቤቴ ጆሮዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ጎረቤቶች ወደ አጥሩ መጡ። ቢጨንቀኝ እጃቸውን ይዤ መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ጠበቁ። ከበሮ የሌለበት ቁም ዜማው አልቆ ከበሮው ሲገባ ክንዳቸው ድንግጥ አለ፤ ፊታቸውም በራ።

"ይሄ የሱ እጅ ነው" አሉ፤ ጓደኛቸውን ማለታቸው ነው። መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡት። በዚያች ቅጽበት ሐኪሙንም ባለቤቴንም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

መቋሚያው ግን አየር ላይ ቆመ። ግንባራቸውን ቋጥረው "ከበሮ ያለ መሪ አይገባም" አሉ። "ማን መርቶት ነው የሚመታው?"

ሰሌዳውን ትቼ፣ እርስዎ ነዎት ለማለት መዳፌን ደረታቸው ላይ አደረግኩ።

አጎንብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለተኛውንም እጅ ጨምረው ሣጥኑን ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ።

"እኔ የለሁበትም" አሉ፤ መቋሚያውንም ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ መኝታቸው ሄዱ። እኔ አልዘጋሁትም። የኔታ በዚያ ሣጥን ውስጥ ገና እየመሩ ነበር፣ አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም፤ እንዴት ብዬ ላቋርጣቸው?