ፍሬኑ ላይ የተጠመጠመው የጫማዬ ክርና ጋሽ አበጀ

ዛሬ ጠዋት የጋሽ አበጀ ልጅ ትርንጎ ደወለችልኝ። «አባባ አረፈ» አለችኝ። «የቱ አባባ?» አልኳት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ግን አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

እስካሁንም አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ስለ ዝናቡ ስናወራ ነበር።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ አበጀ የወረዳችን የከብት ክትባት ባለሙያ ነበሩ። የላስታን ዳገትና ቁልቁለት በሞተር ሲመላለሱ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ላሊበላ ስመደብ ሞተር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን በስስ ሸራ ጫማ ሄድኩ። አዩኝና ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ቅዳሜ ገበያ ወሰዱኝ፣ ሳልቫጅ የሚሸጥበት። ሶሉን በእጃቸው እያጠፉ፣ ተረከዙን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ስንቱን ጫማ ጣሉ። «ቁርጭምጭሚት ካልያዘ ጫማ አይደለም፣ ካልሲ ነው» ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ከስክስ አነሱ። ሻጩ «አባቴ፣ ይኼ የወንድ ነው» አላቸው። «ድንጋዩ ሴት ወንድ አይልም» አሉት።

ክሩ ረጅም ነበር። ሁለቴ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አዙሬ እንድቋጥር፣ የተረፈውን ወደ ጫማው ውስጥ እንድከት አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ፣ ገና ሞተሩ ላይ ስወጣ፣ «እማዋይ፣ መጀመሪያ እግርሽን እሰሪ። ሞተሩ የትም አይሄድም» ይሉኛል።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከገነተ ማርያም ማዶ የከብት በሽታ ገብቶ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ እየጠበቀን ነበር። የክትባቱ ሳጥን እሳቸው ሞተር ላይ ታስሯል። እኔ አርፍጃለሁ። «ክሩን ከተትሽው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

አልከተትኩትም ነበር።

ዳገቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ ስንደርስ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና መንገዱን ሞልቶ ወረደብን። በቀኜ ገደል ነው። ጠርዙን ይዤ ቆምኩና ቀኝ እግሬን መሬት ላሳርፍ ስል እምቢ አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የጫማዬ ክር የእግር ፍሬኑን ጠምጥሞታል። መንገዱ ደግሞ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ሞተሩ ከነእኔ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ መውደቅ ጀመረ።

ጋሽ አበጀ ከኋላ ናቸው። ሞተራቸውን ለማቆም ጊዜ አላጠፉም፣ መንገድ ላይ ለቀቁትና ሮጡ። በእኔና በገደሉ መሃል ገብተው ሞተሩን በጎናቸው ደገፉት። ተረከዛቸው ጠርዙ ላይ ነው።

«አትጎትቺው» አሉኝ። ድምፃቸው ቢሮ ቁጭ ብለው የሚያወሩ ይመስል ነበር።

«አልወጣም አለኝ፣ ጋሼ።»

«ታች አትይ። መሪውን ብቻ ያዢ።»

መኪናው በክንድ ርቀት አለፈን። ጎማው የገፋው ጠጠር በእግራቸው መሃል አልፎ ወደ ገደሉ ሲወርድ ሰማሁት። በአንድ እጃቸው ሞተሩን እንደያዙ በሌላው ሰንጢ አውጥተው ክሩን ቆረጡት። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ሲረግጡ ነው የተቃጠለ ጨርቅ የሸተተኝ። የጋለው ማርሚታ፣ የሞተሬ ጭስ ማውጫ፣ ከጫማቸው በላይ ያለውን እግራቸውን ሲጠብሰው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ከለቀቁት ሞተር ጋር የወደቀው የክትባት ሳጥን ተሰብሯል። በረዶው አቧራው ላይ ተበትኗል፣ ብልቃጦቹ ረግፈዋል። የዚያን ቀን አልከተብንም። በሳምንቱ ሌላ ክትባት ይዘን ስንመለስ የአንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች ሞተው አገኘን።

ከዚያ ግምገማ ተጠራ። መቼም የዚያን ዘመን ግምገማ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ልነሳ ስል ጋሽ አበጀ ከጎኔ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ገና ሙከራ ላይ ነሽ፣ ያባርሩሻል። ዝም በይ» አሉኝ በሹክሹክታ። ተነስተውም «ሞተሩ አምልጦኝ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ልጆቻቸው የሚሆኑ ሰዎች እየተነሱ በቸልተኝነት፣ በሕዝብ ንብረት አጥፊነት ወረዱባቸው። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ነበር።

ሞተሩን ቀሟቸው። ጡረታ እስኪወጡ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀመጡ። መስኩን የሚወድ ሰው መጋዘን ውስጥ ሲውል ምን እንደሚመስል በየቀኑ አየሁት። የሙከራ ጊዜዬ አለቀ፣ ቋሚ ሆንኩ፣ እድገት አገኘሁ። ያኔም አልተናገርኩም። በየፋሲካው ቤታቸው እሄዳለሁ፣ ባለቤታቸው ያጎርሱኛል፣ እበላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለትርንጎ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።

እስክጨርስ ሰማችኝና «እናውቃለን» አለችኝ። «እግሩን እማማ ስታጥብለት ነው የነገረን። እማዋይ ስትመጣ ማንም እንዳያነሳባት፣ ልጅ ናት፣ ትሸማቀቃለች አለን።»

ያን ሁሉ ፋሲካ እያወቁ ነው ያጎረሱኝ።

ጋሼ፣ አንቱ ዝም በይ ያሉኝ እስከ ቋሚነቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ የራሴ ነው። ነገ ቀብርዎ ላይ የድሮ ባልደረቦቻችን ይመጣሉ። ያኔ ሲወርዱብዎት የነበሩትም ይመጣሉ። እፊታቸው ቆሜ እናገራለሁ።

ደህና ይሂዱ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ማንም አይገመግምዎትም።