ከሀዋሳ እስከ አዲስ አበባ አንድ ውሸት

ሰውን ለማሳረፍ ተብሎ የተነገረ ውሸት ከሌሎቹ ውሸቶች ጋር ይቆጠራል? አምና ክረምቱ እንደወጣ ከገጠመኝ ነገር ጀምሮ ሳስበው ኖሬ መልሱን እስካሁን አላገኘሁም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እንደ ልጅ ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። አንድ ሐሙስ አረፈ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ማርቆስ መርዶው እዚያው ዘመድ በተሰበሰበበት ይነገራቸው አሉ። እስከዚያው «ሕመሙ ጠንከር ብሎበታል» ተብለው ብቻ ይሂዱ። አብሬያቸው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

«አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ አያመልጥሽም» አሉኝ ጋሽ ማርቆስ።

እውነት ነው፣ ብዙ አላወራም። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ በማታ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያመለጠኝን ሳነብ ነው የኖርኩት። ስለ በረራውም አስቀድሜ አነበብኩ። በመኪና ሁለት መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ በአየር ከሁለት መቶ ብዙም አያልፍም። ትኬቱ አርባ አምስት ደቂቃ ይላል። አርባ አምስት ደቂቃ ዝም ማለት ለእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ነበር።

የሐዘን ልብሳቸው በእኔ ቦርሳ ነበር። ኤርፖርት ስንደርስ ፈታሿ ጥቁሩን ቀሚስ መዝዛ አወጣች። እኔ ቀጭን ነኝ፤ ቀሚሱ ሁለት እኔን ይይዛል።

«ያንቺ ነው?»

እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ። በዓይኔ ወደ እሳቸው ጠቆምኩ። ፈታሿ ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችና ዚፑን ራሷ ዘጋችው። «በርቺ» አለችኝ በቀስታ።

አውሮፕላኑ እንደተነሳ እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞር አሉ። «ጠዋት ደውለሽ ነበር አይደል? ምን አሉሽ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «ተኝቷል አሉኝ» አልኩ።

«እህልስ ቀምሷል?»

ሁለተኛ ውሸት ላለመጨመር ስለ ርቀቱ ማውራት ጀመርኩ። ኪሎ ሜትሩን ነገርኳቸው። ከፍታውን ነገርኳቸው። ሻላንና አብያታን በመስኮቱ አሳየኋቸው፤ የሻላን ጥልቀትም አከልኩበት። በዓመት የማላወራውን አወራሁ። እሳቸው «እሺ፣ እሺ» እያሉ ያዳምጡኛል። ጎማው መሬት ሲነካ ሰዓቴን አየሁ። አፌ ደርቆ ነበር።

ዘመድ የተሰበሰበበት ቤት ስንደርስ ተነገራቸው። ያለቀሱትን አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ «ተኝቷል» ማለቴ ወራቱን ሙሉ ዕረፍት ነሳኝ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለማንም አልነገርኩም። በቀደም ግን ከእትዬ ዘነበች ጋር ዓሣ ልንገዛ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣው እስኪጸዳልን ቆመን ሳለን አወጣሁት።

«እትዬ፣ አውሮፕላኑ ላይ ተኝቷል ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ማንም ጋ አልደወልኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከዓሣው ሳያነሱ። «አንቺ ደግሞ! ታሞ ቢሆን ኖሮ በሚኒባስ ነበር የምትሰዱኝ። ለበሽተኛ ጠያቂ ማን የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል?»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«እንድትዋሺልኝ ነዋ። አርባ አምስት ደቂቃ ወንድም ነበረኝ።»

በአየር ላይ የቆየነው አርባ አንድ ደቂቃ ነው። አላረምኳቸውም።