ናፍጣው የት ይገባል?

የወንዱ ልጄ ፒካፕ ናፍጣ መፍጀት የጀመረችው ባለፈው መስከረም ነው። ድሮ በአንድ ሙሌት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ወዲያም ቋሪት፣ በቆሎና በርበሬ ጭና የሳምንቱን ገበያ ሁሉ ዞራ ትገባ ነበር። ኋላ ግን ሐሙስ ሳይደርስ የናፍጣ መርፌዋ ይወርድና ማደያ በር ላይ ትሰለፋለች። ሰልፉ ደግሞ ቀኑን ይበላዋል።

ባለመኪናው ልጄ እህል ነጋዴ ነው። የሚነዳው አማቼ፣ የሴቷ ልጄ ባል ነው። የቡሬ ዳር ሰው ነው፤ ቃል የሚቆጥብ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ።

እኔም ከዚያው ከመስከረም ጀምሮ አብሬው መዞር ለምጄ ነበር። ጉልበቴ ቢለግምም ቤት መቀመጥ አልወድም። አንድ ቀን የታመመ ልጠይቅ፣ አንድ ቀን ለንግሥ፣ አንድ ቀን እንዲያው አገር ልይ ብዬ። አማቼ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ያነጥፍልኛል፣ ደግፎ ያወጣኛል። መንገዱን ሙሉ አወራለሁ፤ እሱ “እሽ እሜቴ” ይላል።

መኪናዋን ቡሬ ጋራዥ አስገባናት። መካኒኩ የአየር ማጣሪያውን አወጣና ቢያራግፈው የስንት አውድማ እብቅ ወጣ። “በቃ፣ ይኸው ነው” አለ። አልነበረም። በሌላ ጊዜ “ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ነው” ብሎ ፈታው። አሁንም አልሆነም። ጎማ ተነፋ፣ ዘይት ተቀየረ። ቢቸግረኝ እኔም አፌን ከፈትኩ፦

“ልጄ፣ በሬ እየበላ ሲደክም እኮ ሆዱን ብቻ አናይም። ቀንበሩ የት ላይ እንደያዘው እናያለን።”

“እማማ፣ ይቺ ሳር አትበላም!” ብሎ መካኒኩ ሳቀብኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ እሱ ያውቃል ብዬ ተውኩት።

ጥር ላይ ብርድ መታኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ። በነዚያ ሁለት ሳምንቶች መኪናዋ እንደ ድሮዋ ሆነች! ልጄ በዚህ ደስ ይለዋል ስል ፊቱ ጠቆረ።

“አየሽ እማየ? ተቆጥቼው ነበር፤ ስለፈራ አቆመ።”

“ምኑን ነው ያቆመው?”

“እየቀዳ መሸጡን ነዋ! ናፍጣው የት ይገባል? መሬት ይጠጣዋል?”

ተሽሎኝ መዞሩን ስጀምር መኪናዋም ወደ ክፉ አመሏ ተመለሰች። ልጄ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ቡሬ እህል ተራ፣ ሚዛኑ ዘንድ፣ በነጋዴ ሁሉ ፊት “ሌባ አስቀምጬ ነው የምነግደው” አለና ቁልፉን ከአማቼ እጅ ነጠቀ። አማቼ አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ በሁለቱም በገንኩ፤ በአንዱ አፍ፣ በሌላው ዝምታ። ሴቷ ልጄ፣ የአማቼ ሚስት፣ ማታ መጥታ ስታለቅስ “ባልሽ ለምን አይናገርም?” ብዬ እሷኑ ተቆጣኋት። እሷ ምን አጠፋች?

በማግስቱ ልጄ ራሱ ሊነዳ ተነሣ። “እኔ ስነዳት ምን ያህል እንደምትጠጣ ታያላችሁ” አለ። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አማቼ እንደ ተራ ጫኝ ከኋላ ጆንያ ላይ ወጣ። ይህንን እያየሁም ሄድኩ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ጠጠሩን ስንይዝ መኪናዋ መዝለል ጀመረች። ዳገቱ ላይ ማቃሰት አመጣች። ልጄ ይረግጣታል፣ እሷ ትለግማለች። መርፌው ዓይኑ እያየ ወረደ። ኋላ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መጣ። አቁሞ ወረደና የኋላውን ጎማ ቸርኬ ቢነካው “ኧረ እሳት!” ብሎ እጁን ሰበሰበ። ተመልሶ የእጅ ፍሬኑን ሊይዝ ቢል፣ ፍሬኑ ቀድሞ ተስቧል። የኔም እጅ እላዩ ላይ ነው።

“እማየ! ይህን ለምን ያዝሽው?”

“ስትዘል ምን ልያዝ? ከመጀመሪያ ጀምሮ እሱን ነው የምደገፈው።”

ያቺ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ያለች ብረት ለሽማግሌ መደገፊያ የተሠራች ነበር የመሰለችኝ። መንገዱ ባነጠረኝ ቁጥር ስቤያት ኖሯል። መያዟን የምትናገረው ቀይ መብራትም ከተቃጠለች ቆይታለች። መኪናዋ መንፈቅ ሙሉ ፍሬን ይዛ ስትጎተት ከርማለች ማለት ነው።

አማቼ ከጆንያው ወርዶ ቆሞ ነበር።

“አንተ ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“አንዳንዴ አይ ነበር፣ እሜቴ። ሲያሸልብዎት ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ።”

“ሲሰድቡህስ?”

“አማቴን እጅዎን ያንሡ እላለሁ?”

በእኛ አገር አማች አማቱን እንኳን ሊያርም ቀና ብሎም አያያትም፤ አውቃለሁ። ደግ ወግ ነው ብዬ ልጆቼን ያሳደግሁበትም እኔው ነኝ። ያን ቀን ግን ያንን ወግ በዱላ ብመታው በወደድኩ።

ልጄ መሬት መሬት እያየ ቁልፉን ሰጠው። አማቼም ተቀበለ። የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ተቀየረ፣ ናፍጣውም ይበቃል፣ እኔም እጄን ጉያዬ ከትቼ እሄዳለሁ። ልጄን ግን “ያንን ቃል ከተናገርክበት ቦታ ሄደህ አንሣው” አልኩት። “ይደርሳል እማየ” አለኝ። ሚያዝያም አለፈ፣ አልደረሰም።

ሲመረኝ ባለፈው ቅዳሜ በትሬን ይዤ ራሴ ሚዛኑ ዘንድ ሄድኩ። “ስሙኝ፣ ናፍጣውን የጨረስኩት እኔ ነኝ” ብዬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ነጋዴዎቹ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ አቀረቡልኝ፣ በትሕትና ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ።

“አይ እሜቴ፤ ለልጅዎ ባል ብለው ይህን ሁሉ በራስዎ ላይ ያመጣሉ? የእናት አንጀት!”

“እውነቴን ነው እኮ!”

“እናውቃለን፣ እናውቃለን” አሉ ሁሉም፣ እያዘኑልኝ።