በፊልሙ መሀል ያለፈችው እናቴ

ፊልም ማየት አትችዪም እባላለሁ። የሚሉኝ አብረውኝ ሲኒማ የገቡ ሁሉ ናቸው፤ እኔ ግን አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ልጅ በመኪና እየተባረረ ገበያ መሀል ይገባል፤ የአንዲት ሴት የቲማቲም መደብ ይገለብጣል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ልጁ ያመልጣል። እኔ እዚያው ቲማቲሙ ጋ እቀራለሁ። ማን ለቀመላት? የዚያን ቀን ምን ይዛ ቤቷ ገባች? መብራት በርቶ ጓደኛዬ «መጨረሻው አይገርምም?» ስትለኝ «ሴትየዋን እኮ ሳያሳዩን ጨረሱት» እላታለሁ። እሷም ፊቷን ታዞርብኛለች።

ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አብረን እንሸጥ ነበር። እኔ በየቀኑ ከሱሉልታ በሚኒባስ እመላለሳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ሁለታችንም ፒያሳ ሲኒማ እንገባለን። ፊልም ያየሁት ያን ያህል ብቻ ነው፤ አዋቂ ነኝ አልልም። አስተያየቴን ግን ማንም አያስጥለኝም።

የሕንድ ፊልም እወዳለሁ። እናት ስለምታለቅስ አይደለም፤ እናቲቱ ትናገራለች፣ ትቆጣለች፣ ጎረምሳ ልጇን በጥፊ ትላለች፤ ሰው ሆና ትታያለች። የካራቴ ፊልም አልወድም፤ በሰው ጣሪያ ላይ ሲሯሯጡ ቆርቆሮው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የኛዎቹ የቪላ ቤት ፍቅሮች ደግሞ ያናድዱኛል። ጭማቂ የምታቀርበው ሠራተኛ ካልተደናቀፈች በቀር ካሜራው አያያትም። ገጠር ወጡ ከተባለም የታጠበ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እንስራ አዝላ ትመጣለች፤ እንስራው ውሃ እንደሌለው ከአካሄዷ ያስታውቃል። አንድ ጊዜ ሽልማት ያገኘ ነው ተብሎ፣ አንድ ሰውዬ በመስኮት ሲያይ የሚውልበት ፊልም ገባን። ተኛሁ። አላፍርበትም።

ይህን ዓይን ያወጣልኝ ሲኒማ ቤት አይደለም፤ የኛው ሳር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴን ያኖረን በሱሉልታ ሜዳ ላይ ያለን የሳር መሬት ነበር። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፤ መስከረም ሲጠባ ሳሩ ጉልበት ድረስ ይቆማል፤ ከዚያ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ድርቆሹን ላም ያላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ ሳይቀር እየመጡ ይወስዱታል። ከመንገድ ላይ ለሚያየው ሰው ግን ሜዳ ነው። አልታረሰም፣ አልተዘራም፣ ቤት የለበትም። የኛ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ጥቅምት ፊልም ቀራጮች መጡ። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ እናቴን በትሕትና ለመናት፤ ሜዳው ዳር ቆመን ትንሽ እንቅረጽ አላት። እሷም ዳሩ ላይ ከሆነ ግድ የለም አለች። ግማሹን አጭደን ከምረነዋል፤ ግማሹ ገና ቆሟል። ጥቂት ሳይቆይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ተዋናይ ባልታጨደው ሳር መሀል እጁን ዘርግቶ ወደ ፍቅረኛው መሮጥ ጀመረ። «ይደገም!» ተባለ። ደገመው። የተረገጠ ሳር ይተኛል፤ የተኛ ሳር ደግሞ ለማጭድ አይመችም። እናቴ የታጨደውን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ክምሩ ስትወስድ ይህን አየች። ሸክሟን እንደያዘች በመሀላቸው ሰንጥቃ አለፈች።

«እማማ! ከካሜራው ውጡልን እንጂ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

«ከየት ነው የምወጣው? ከገዛ ሳሬ?»

«እኛ የምንፈልገው ሰው የሌለበት ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልግ፤ እዚህ እኔ አለሁ» አለችው።

እንደገና ቀረጹ፤ ሌላ ሸክም ይዛ አለፈች። ሦስተኛም አለፈች፤ ሳሩ አላለቀማ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ተስፋ ቆርጠው ዕቃቸውን ጫኑ።

በዓመቱ ፊልሙ ወጣና ከጓደኛዬ ጋር ገባሁ። ታሪኩ ባይነሳ ይሻላል። ሀብታም ልጅ ከአባቱ ተጣልቶ «ሩቅ አገር» ይሄዳል፤ ሩቅ የተባለው ከሲኒማ ቤቱ አንድ ሰዓት የማይሞላው የኛ ሰፈር ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ሳሩ መሀል ይተቃቀፋሉ። ልጅቷ «እዚህ ማንም የለም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን» ትለዋለች። ይህን ጊዜ ከጀርባቸው እናቴ ድርቆሽ ተሸክማ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «እናቴ ናት!» አልኩ። «ቁጭ በይ!» አሉኝ ከኋላ። አልተቀመጥኩም። ጓደኛዬ ስትወጣ «በጣም ደካማ ፊልም ነው» አለች። እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የምመርጠው ፊልም እሱ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ወሬ መጣ። በዙሪያችን ያሉ ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር ይያያዛሉ ተባለ፤ ሰው ሁሉ መሬቱን እያየ ማደር ጀመረ። የሚለኩ ሰዎች የኛንም ሳር በሜትር ዞሩት። እናቴ እነሱ ትተውላት የሄዱት ወረቀት ምን እንደሚል በሌላ ሰው አስነብባ ሰማች። «ባዶ ሜዳ» ይላል። ባዶ ከሆነ ባለቤትም ሠራተኛም አልነበረበትም ማለት ነው፤ ከባዶ ላይ ደግሞ ማንም አልተነሳም ይባላል። ሦስት ጊዜ የመሬት ጽሕፈት ቤት ተመላለሰች፤ ሦስት ጊዜ «ማስረጃ አምጡ» ተባለች። ሳር በየዓመቱ ይታጨዳል እንጂ ደረሰኝ የለው።

ማስረጃ ሲሉ ፊልሙ ትዝ አለኝ። ቪሲዲውን ሱቃችን አጠገብ ካለ ሙዚቃ ቤት ገዛሁ። ጽሕፈት ቤቱ ለእናቴ በሰጣት ቀጠሮ ዋዜማ፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ቡራዩና ሰበታ መንገድ ተዘጋ ሲባል የኛም ተከተለ። ድንጋይ ተደርድሯል፤ ጎማ ይጨሳል፤ ታክሲ የለም፤ ስልኩ እየተቆራረጠ ነው። ሲዲውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከአዲሱ ገበያ በእግሬ ሽቅብ ወጣሁና ቤት ገባሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ከፍርሃቴ ንዴቴ ይበልጥ ነበር።

ከመሬቱ ግማሹ በኋላ ተወስዶ ታጥሯል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምተርከው ድል እንዳይመስላችሁ ነው። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ ሲታወጅም አጥሩ አልተነቀለም። እኔ የምናገረው ስለዚያች ጠዋት ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ፖሊሶች ቆመዋል፤ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ እንደኛ መሬታቸው የተለካባቸው ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስቱንም ጊዜ የመለሳት ወጣት ሠራተኛ እናቴን ሲያይ በረጅሙ ተነፈሰ። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ» አለችው፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለቷ ነው። ሲዲውን ሰጠሁት። «ፊልም ነው እንዴ ያመጣችሁልኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ቢሆንም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ሳሩ ያለበት ቦታ ሲደርስ «አቁመው» አልኩት። ስክሪኑ ላይ ፍቅረኞቹ ተቃቅፈዋል፤ ከኋላቸው እናቴ ከሸክሟ ሥር ጎብጣ፣ ከእሷም ኋላ ክምራችን።

ሠራተኛው ልጅ አየና ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰው። መግቢያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እያሳየ አነበበልን፤ ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው፣ ከእውነተኛ ሰው ጋር ቢመሳሰል በአጋጣሚ ነው ይላል። «አዩ እማማ፣ ፊልም እኮ ነው። ፈጠራ በማስረጃነት አይያዝም።»

እናቴ የፈጠራውን ትርጉም ጠየቀችኝ። የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ ማውራት ነው አልኳት። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እኔ ማን ነኝ?» አለችው።

«እማማ፣ እርስዎማ…»

«ያቺስ? ድርቆሽ የተሸከመችዋ?»

«እርስዎን ይመስላሉ።»

«ደግ። እንግዲያው ጻፍልኝ። ይቺ ሴት የለችም፣ ሳሩም የለም፣ ክምሩም የለም፣ ሁሉም ፈጠራ ነው ብለህ ጻፍና ስምህን አስፍረህ ፈርምበት። እሱን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሌላ ወረቀት አልጠይቅህም።»

ልጁ ብዕሩን አነሳ፤ አስቀመጠው። ወደ በሩ አየ፤ በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ያዳምጣል። ውጭ፣ ራቅ ካለ ቦታ የተማሪዎች ጩኸት ይሰማል። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች፤ ለመነሳት ያሰበች አትመስልም።

በመጨረሻ መዝገቡን ከመደርደሪያው አወጣ። «ባዶ ሜዳ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው፤ ከላዩ ጽፎ ፈረመና ወደኛ አዞረው።

«ምን አለ?» አለችኝ፤ ማንበብ አትችልም።

«ባለይዞታዋ በየዓመቱ ሳር የሚያጭዱበትና ድርቆሽ የሚከምሩበት ማሳ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ለኔ ብቻ ነው እንዴ የምታነቢው? እነሱም ይስሙ እንጂ» አለች በአገጯ ወደ ኮሪደሩ እያመለከተች።

መዝገቡን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጁ አልከለከለኝም። መጀመሪያ በአማርኛ አነበብኩት፤ ቀጥሎ በኦሮምኛ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እየገለጡ ተነሱ።