የጋሽ በዛብህ የስድስት ወር ቀጠሮ

ጋሽ በዛብህ ቦንጋ የገቡት መንገዱን ራሳቸው እየጠረጉ ነው። ተወልደው ያደጉት ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከጅማ ወዲህ ያለውን የጠጠር መንገድ ሲደለድሉ ክረምት ያዛቸውና እዚሁ ቀሩ። ክረምቱ እኛ ዘንድ ከመጣ ቶሎ አይሄድም፤ እሳቸውም እንደሱ ሆኑ። ተሾመች የምትባል የቦንጋ ልጅ አገቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ሰው የሚቀናበት ትዳር ነበራቸው። እኔ አጥር የምጋራቸው ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማታ ማታ ሲሳሳቁ እሰማቸው ነበር።

ተሾመች የሞተችው ጋሽ በዛብህ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ነው። እስከ አርባዋ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ፣ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ አፋቸውን የሚከፍቱት ለእህልና ለሰላምታ ብቻ ሆነ። አንዳንዴ በአጥሩ በኩል ድምፃቸውን ሰምቼ እንግዳ መጣላቸው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ ራዲዮኑን እየሰደቡ ነው። «ምን ላድርግ» ይሉኛል፣ «የገዛ ድምፄ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።» ስቄ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ የታች መንጋጋቸው ጥርስ ተነሣባቸው። ጥርስ መነቀል ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። ድሮ ዋጫ ከተማ ሰፍረው መንገድ ሲሠሩ አንድ ሰውዬ ገበያ መሐል ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በጉጠት ነቅሎላቸዋል፤ የታመመውን ትቶ ጎረቤቱን። ስህተቱ ሲነገረው ደንገጥ እንኳ ሳይል ሁለተኛውን በነጻ ነቀለላቸው። ስለዚህ አሁንም የጠበቁት ጉጠት ነበር። ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ወደ ጤና ተቋሙ ሲሄዱ ግን በአዲሱ የጥርስ ክፍል ውስጥ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ አገኙ። ሲስተር ሠናይት ትባላለች።

ሲስተር ሠናይት ጥርሱን አየችና አይነቀልም አለች። ተጨቃጨቁ። እሳቸው መነቀል ለምደዋል፤ እሷን ደግሞ የሚድን ጥርስ መንቀል ያማታል። የተቦረቦረውን ጠርጋ ሞላችላቸው። በዚህ አበቃ ብለው ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ መልሳ አስተኛቻቸውና ትንሿን መስተዋት ይዛ ያላመሟቸውን ጥርሶች ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። በዕድሜያቸው እንዲህ ያደረገ ሰው አይተው አያውቁም። መፋቂያው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ አፋፋቁ ነው አለቻቸው፤ እንጨት እንደሚቆርጥ ሰው ወደ ጎን ይገዘግዙታል፣ ያውም ለሰው የሚታየውን የፊቱን ብቻ። ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ በውስጥም በውጭም፣ የኋለኞቹንም ሳይረሱ እንዲያጸዱ በብሩሽ አሳየቻቸው። ለሳል ብለው ማታ ማታ የማንኪራ ጫካ ማር ልሰው እንደሚተኙም ጠይቃ አወጣጣቻቸው። ማሩን ከእራት ጋር እንዲያደርጉትና ሳያጸዱ እንዳይተኙ አዘዘቻቸው። በመጨረሻም በስድስት ወር ይመለሱ አለች።

«ካላመመኝስ?» አሉ ጋሽ በዛብህ።

«ካላመመዎትማ ነው መምጣት ያለብዎት። ሕመሙ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

ይህን ሲሰሙ ነገሩ ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለአለቆቻቸው ሲነግሩ የኖሩት ይህንኑ ነበርና። ቦዩ ከክረምት በፊት ከተጠረገ መንገዱ ይሰነብታል፤ ውሃው መንገዱን ከቆረጠው በኋላ ግን አሥር ግሬደር ቢመጣ ምንም አይፈይድም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው እያሉ ለእኔም፣ ለአላፊ አግዳሚውም ይሰብኩ ጀመር። እኔን ራሴን የስፌት ክር በጥርሴ ስቆርጥ አይተው ተቆጥተውኛል።

ስድስት ወር ሲሞላ ሙሉ ልብሳቸውን አስተኮሱኝ። የት ነው ብል ጥርሴን ላሳይ ነው አሉኝ። ምን ሆነ ብል ምንም አሉ። እውነቱን ለመናገር እብደት መስሎኝ ነበር፤ እዚህ አገር ያልታመመ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? በር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጉንጫቸውን የያዙ፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ያደሩ ናቸው። በመካከላቸው ጋሽ በዛብህ ከረባት አስረው፣ ሙሽራ መስለው ተቀምጠዋል። ወሬው ዋለ አደረ፤ ሽማግሌው ልጅቷን ከጅሏል ተባለ። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ሲያሾፍባቸው እኔም አብሬ ነበርኩ፣ ሐሜት እንደሆነ ሳላጣው ስቄያለሁ።

ነገሩ ሌላ ነበር። አንድ ቀን የኮታቸውን ቁልፍ ስተክልላቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ሲስተር ሠናይት መስተዋቷን ከማስገባቷ በፊት አገጫቸውን በሁለት ጣቷ ቀና ታደርገዋለች። ከተሾመች ወዲህ ፊታቸውን የነካ ሰው እሷ ብቻ ናት። ከዚያ እንዴት ነው እንቅልፍ፣ ምን ይበላሉ፣ ያ ሳል ተሻለዎት ወይ እያለች ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ደግሞ አፋቸው ተከፍቶ መሣሪያ ከገባበት በኋላ ስለሆነ ስድስት ወር ያጠራቀሙትን ሁሉ «ኣ… ኣ…» ብለው ነው የሚመልሱት። ቢሆንም እሷ ትሰማለች አሉኝ። ከእሷ ዘንድ ከተመለሱ በኋላ ለሳምንት ያህል ራዲዮኑ ከስድብ ያርፋል፤ ይህን እኔም አስተውያለሁ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ያህል ሄደ። ድዳቸው መድማቱን ተወ፣ ከጥርሳቸው ሥር ድንጋይ ሆኖ የነበረው ቆሻሻ ተፍቆ ወጣ፣ የተሞላውም ጥርስ ቆሎ ይሰብር ጀመር። በአንድ ጥር ወር ሲስተር ሠናይት አይታ አይታ መስተዋቷን አስቀመጠችና እንደዚህ ያለ አፍ በዚህ ክፍል ገብቶ አያውቅም አለቻቸው። ለምርቃት ያህል አንድ ነገር ጨመረች።

«ከእንግዲህ በየስድስት ወሩ መንከራተት የለብዎትም፣ ጋሼ። በዓመት አንዴ ይበቃዎታል።»

ልጅቷ ምን ታድርግ? ደጇ ጉንጩን ባሰረ ሰው ተጨናንቋል፤ ለሽልማት የሰጠቻቸው ፈቃድ ነው። ጋሽ በዛብህ አመስግነው ወጡ። ባጃጅ ቢቆምላቸውም አልገቡም፤ ካፊያው እየመታቸው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። በበራፌ ሲያልፉ እንዴት ሆኑ አልኳቸው። ደህና ነህ ተባልኩ ብለው አለፉ። የሰው ፊት ደህና ነህ ሲባል እንዲያ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሳቸውን ማጽዳት ተዉ። ረስተው አይደለም፣ ደክሟቸውም አይደለም። ብሩሹ መስኮቱ ላይ ባለበት ደረቀ። ማሩን ወደ አልጋቸው መልሰው፣ ተኝተው ይልሱት ጀመር። ቦይ ሳይጠረግ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አውቀው ነው ውሃውን የለቀቁት። ድዱ ደማ፣ አፋቸው ሸተተ፣ በኋላም ያ ሲስተር ሠናይት ያዳነችው ጥርስ ዙሪያው በሰበሰና ሙሊቱ ወደቀ። ኅዳር ሲገባ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ጉንጫቸው አብጦ፣ ከሕመምተኞቹ ጋር ወረፋ ያዙ።

አገጫቸውን እንደ ልማዷ ቀና አድርጋ ወደ ውስጥ ስታይ እጇ ቆመ። ጥርሱ የሚተርፍ ስላልነበረ አደንዝዛ ነቀለችው፤ ከጨረሰችም በኋላ በትሪው ላይ ያለውን ጥርስ ትክ ብላ አየችው። ለዚያ ጥርስ እኮ ተከራክራለታለች። ጥጥ አስነክሳቸው፣ ጓንቷን አውልቃ፣ አጠገባቸው ተቀመጠችና ለምን ተዉት ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ በዛብህ ጥጡን ከአፋቸው አወጡ።

«ደህና ስሆን የምትጠይቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አሏት። «አንቺም በዓመት አልሽኝ።»

ልጅቷም እዚህ አገር ከተመደበች ጀምሮ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሰላም ብሏት እንደሚያልፍ ነገረቻቸው። ከገበያ የምትገዛው ዕቃ እንኳ ያለ ጨዋታ ነው የሚመዘንላት፤ ሰው ጥርሱን እንዳታይበት ይሸሻታል። ከዚያ ተነሣችና ሌላ ጥጥ ሰጠቻቸው። ቀጠሮውም እንደ በፊቱ በስድስት ወር እንዲሆን ወሰነች፤ ግን ንጹሕ አፍ ይዘው ካልመጡ እንደማታያቸው አስጠነቀቀች። ጋሽ በዛብህ ጥጡን ነክሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የጋሽ በዛብህ ጉንጭ ማበጡና ጥርሳቸው መነቀሉ በሰፈሩ ተሰማ። የእኛ ሰው ለታመመ አይታማም። አጥሚት የያዘ መጣ፣ ሙዝ የያዘ መጣ፣ እኔም ለስላሳ ዳቦ ይዤ በአጥሩ በኩል ገባሁ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ አልጋው ጫፍ ድረስ ተቀመጥን። እግዜር ይማርዎት የማይል የለም። በሐሜቱ ያላገጡባቸው ሳይቀሩ መጥተው ስለ ጥርስ ሕመም ክፋት ያወራሉ። ጋሽ በዛብህ ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ከተሾመች አርባ ወዲህ ያ ቤት ይህን ያህል ሰው አላየም።

ሕመሙ ቢኖርም ደስ ያለዎት ይመስላል አልኳቸው፣ ለጨዋታ።

«ደስ ብሎኛል» አሉ፣ ባበጠ አፍ ቀስ ብለው። «ግን ሰው በፈለግሁ ቁጥር አንድ አንድ እየነቀልኩ ብጠራችሁ፣ ጥርሱ እስከ መቼ ያዘልቀኛል?»

ቤቱ በሣቅ ሞላ። አጠገቤ የነበረችው ጎረቤት ሆዷን ይዛ ሣቀች። ጋሽ በዛብህ ግን አልሣቁም፤ ሣቁ እስኪያልቅ ጠበቁና፣ መልስ የሚሰጣቸው ሰው ካለ ብለው አንድ በአንድ ፊታችንን አዩን።