ከመዝሙሩ በታች የቀረ ድምፅ

ተገኝ አምባቸው ቀን ቀን አትላንታ መሀል ከተማ በሚገኝ ፓርኪንግ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በከተማዋ ዳርቻ ያለችው የሊቶኒያና የአካባቢው ሐበሾች ካሜራማን ነበር። ሰው ሁሉ በስልኩ መቅረጽ ከጀመረ ወዲህ የሚጠራው ቢያንስም፣ የቀድሞ ደንበኞቹ ከአፉ የማይጠፋውን አንድ ቃል አልረሱትም፤ “ኦሪጅናል”። ደንበኛው ዲቪዲውን ይወስዳል። ካሜራው ውስጥ የገባው ካሴት ግን ማንም እንዳይነካው እሱ ቤት ይቀራል። ኮፒ በተደረገ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድላል ብሎ ያምን ነበር።

እምነቱ ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣ ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ፒያሳ አጠገብ የፊልም ካሴት በሚያከራይ ቤት ይሠራ ነበር። ቤቱ የያዘው አንድ የጃፓን ኩባንያ ያወጣውን፣ መጠኑ አነስ፣ ምስሉ ጠራ ያለውን ካሴት ነው። ከተማው ሌሎች ኩባንያዎች ወደሚሠሩት ትልቁ ካሴት ሲዞር የቤቱ ባለቤት አልዞርም አለ። በዚያው ሰሞን ኩባንያው ከሆሊውድ ስቱዲዮዎች አንዱን ገዛ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ተገኝ ደስ አለው።

“አለቀ በቃ” አለው አሠሪውን። “ማሽኑም የእነሱ፣ ፊልሙም የእነሱ። በሌላ ካሴት አናወጣም ቢሉ ማን ያስገድዳቸዋል?”

ማንም አላስገደዳቸውም። ስቱዲዮው የገዛውን ኩባንያ ካሴት ሳይሆን ሰው ቤት ያለውን ካሴት እያየ ፊልሙን መሸጡን ቀጠለ፤ ኪራይ ቤቱም ተዘጋ። ተገኝ ግን ከዚህ የተማረው ኩባንያው መሸነፉን ሳይሆን ገና አለማሸነፉን ነበር።

ስለዚህ ዲቪ ደርሶት አትላንታ ከገባ በኋላ፣ ያው ኩባንያ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ካሴት የምትጎርስ ካሜራ ሲያወጣ ለመግዛት አላመነታም። ሻጩ “ይህን ካሴት ሌላ ካምፓኒ አይሠራውም” ሲለው እንደ ዋስትና ቆጠረው። ኩባንያው ጥቂት ዓመት ሸጦ ተወው። ካሜራው ተበላሸ፤ የሚጠግነው ጠፋ። ተገኝ ሌላ ካሜራ ገዛ፤ ትንንሾቹን ካሴቶች በጫማ ሣጥን ደርድሮ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ።

“ጃፓኖቹ ራሳቸው የጣሉትን አንተ ታቅፈህ ትተኛለህ” ትለው ነበር ሚስቱ ኤልፍነሽ።

“ኦሪጅናል ነው።”

“እኔም ኦሪጅናል ነኝ። ሣጥን ውስጥ አላስገባኸኝም።”

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣ እዚያው አቅራቢያ ኮንየርስ በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በማሸግ የምትሠራው መነን ዳኘው ወደ ቤቱ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ተገኝ ሰርጓን የቀረጸው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። አባቷ አቶ ዳኘው አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ልጃቸው ጴንጤ በማግባቷ ተቀይመዋል። ለሰርጉ ከአዲስ አበባ ቢመጡም ቸርቹ ደጃፍ አልደርስም ብለው ነበር። ጧት ግን፣ ሙሽራዋ ከአፓርታማው ልትወጣ ስትል፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ጠሯት። ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑና ዝቅ ባለ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ሚዜዎቹ መኪና ያስነሡ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከአባትና ልጅ ሌላ ተገኝ ብቻ ነበረ።

“አባባ ዐረፈ” አለችው መነን። “አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞቼ ለአርባው እንዳትመጪ አሉኝ። አባታችን ሳይመርቅሽ ነው የሞተው፣ ምን ልትሆኚ ትመጫለሽ ነው የሚሉት።”

“መርቀውሽ የለም እንዴ? እዚያው ቆሜ!”

“ዲቪዲውን እኮ አይተውታል፣ ጋሽ ተገኝ። እጁን ሲጭንብኝ ይታያል። ድምፁ ግን መዝሙር ነው።”

መዝሙሩን ያስገባው ተገኝ ራሱ ነበር። ልማዱ ነበር። ሰው ቀስ ብሎ የሚያወራበትንና የሚያለቅስበትን ቦታ ሁሉ ሲያቀናብር በመዝሙር ይሸፍነዋል፤ ደንበኞቹም ይወዱለታል።

“ትልቁ ወንድሜ ምን አለኝ መሰለዎት? ሲረግምሽ ይሆናል እንጂ በምን አወቅሽ አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ስንሰቀሰቅ አንድ ቃል አልሰማሁም። እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔም አላውቅም።” እጇን ዘረጋች። “ኦሪጅናሉ እርስዎ ጋ አለ አይደል? ከመዝሙሩ በታች ያለው?”

“አለ” አላት።

ካሴቱን ይዞ በማግስቱ ማሪዬታ ወደምትባል ከተማ ሄደ፤ እዚያ አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር በሚገለብጥ ሱቅ ውስጥ ኢዩኤል የሚባል አሜሪካ ያደገ ሐበሻ ይሠራል። ኢዩኤል ካሴቷን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሳቀ።

“ጋሼ፣ ይሄን ማንም ኮንቨርት አያደርገውም። እኛ ጋ ላይክ፣ የማሽን ዓይነት ሞልቷል፤ የዚህ ግን የለም። ካምፓኒው ብቻውን ሠራው፣ ብቻውን ገደለው። አንተ ያኔ ኮፒ አላደረግክም?”

“ኦሪጅናሉን ነው የያዝኩት።”

“ኖ፣ ገብቶኛል። ግን የሚያነበው ከሌለ ፕላስቲክ እኮ ነው። ካሜራውን ፈልግ፤ ካገኘህም ቶሎ በል፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይሞታል።”

ኤልፍነሽ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ኦሃዮ ያለ አንድ ሰው የሚሸጠው ያገለገለ ካሜራ አገኘች። ዕቃው ሲመጣ ተገኝ በመነን ካሴት አልጀመረም፤ የሌላ ሰው ሰርግ አስገብቶ ሞከረው። ምስሉም ድምፁም ጥርት ብሎ ወጣ። ኤልፍነሽ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ስትቀልድበት የኖረችው ነገር ሲናገር ሰምታ መጥታ ተቀመጠች። ተገኝ ለመነን ደወለ።

“ይሠራል” አላት። “ነይ።”

ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ካሜራውን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው የኩባንያው ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለማይሠራ፣ ተገኝ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘው፤ መነን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኳ ልትቀርጽ ተዘጋጀች። ካሴቱ ገባ። አፓርታማው ታየ፤ አበባ፣ የሚዜ ጫማ፣ በር ላይ የሚሳሳቁ ሴቶች። ድምፁ ደህና ነበር። የመኪና ጥሩምባ ሳይቀር ይሰማል።

“አባባ” አለች መነን።

አቶ ዳኘው ሶፋው ላይ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው ጠሯት። ነጭ ቀሚሷ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። እጃቸው ጭንቅላቷ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ውስጥ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆራርጦ እንደገና ገጠመ። ድምፁ ጠፋ።

“ምን ሆነ?”

“ቆይ፣ ይመጣል” አለ ተገኝ። “አትንኩት። ይመጣል፣ ይመጣል።”

የአቶ ዳኘው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው አይነበብም፤ እንደ ተቆጣ ሰውም፣ እንደሚጸልይ ሰውም ነው። መነን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

“እግዚአብሔር ነው ያለው? ኤልፍዬ፣ አፉን እይው። እግዚአብሔር አላለም?”

“እንጃ እናቴ” አለች ኤልፍነሽ።

“ጠብቂ፣ አሁን ይመጣል” አለ ተገኝ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ካሜራው አቃሰተና ቆመ። ተገኝ ክዳኑን ሲከፍት የካሴቱ ክር የሚሽከረከረው ብረት ላይ ተጠምጥሞ ተበጥሶ ነበር። ከውስጡም የጥቁር ላስቲክ ፍርፋሪ መዳፉ ላይ ረገፈ።

መነን ስልኳን አጥፍታ ወደ እሱ ዞረች።

“እርስዎ እዚያው ቆመው ነበር። ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ አድርገው። ምን አለ አባቴ?”

ኤልፍነሽ ባሏን አየችው። ምን እንዲል እንደፈለገች ከዐይኗ ግልጽ ነበር። ሽማግሌ ሁሉ የሚለው ምርቃት አለ፤ አንዱን ቢላት ይበቃ ነበር። ተገኝ የላስቲኩን ፍርፋሪ ከመዳፉ አራገፈ።

“የድምፁን መጠን ነበር የማየው” አላት። “የመለኪያው መርፌ ቀዩ መስመር ውስጥ እንዳይገባ። ድምፃቸው ጥሩ ገብቶልኝ ነበር።”

“ቃሉን ነው የጠየቅኩዎት።”

“ቃሉን ካሴቱ ይይዘዋል ብዬ አልሰማሁትም።”

መነን ቦርሳዋን አነሣች። በር ላይ ኤልፍነሽን ሳመች፤ ለተገኝ በጭንቅላቷ እጅ ነሥታ ወጣች።

በስልኳ የቀረጸችውን ያለውን ያህል ለወንድሞቿ ላከችው። ለምን እንደላከችው ተገኝ አልጠየቃትም፤ ከሳምንት በኋላ ደውላ መልሳቸውን ነገረችው።

“አባባ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል አሉኝ። በላዩ ላይ ግን ይመጣል ይመጣል የሚል ሰው አለ፤ ማነው እሱ አሉኝ።”

“ምን አልሻቸው?”

“ምን እላለሁ? ካሜራማኑ ነው አልኳቸው።”

“ስሜን አልነገርሻቸውም? እኔ ደውዬ ላስረዳቸው እችላለሁ።”

“ምን ብለው ነው የሚያስረዱት፣ ጋሽ ተገኝ?”

ተዝካሩ ያለ እሷ ወጣ።